መጅደል ሸምስ 1982፦ ዱላ ሳይነሳ ሰው የተቀጣበት መንደር

ኤፕሪል 1982 መጀመሪያ አካባቢ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እስራኤል በ1967 ከሶርያ በያዘችው ጎላን ላይ መጅደል ሸምስ በምትባለው የድሩዝ (የራሱ እምነት ያለው ማህበረሰብ ነው) ከተማ አንድ ጠዋት አደባባዩና መንገዱ ላይ መታወቂያ ተበትኖ ተገኘ። የእስራኤል መታወቂያ ነው፣ ተዑዳት ዘሁት። ወታደሮች ሰዓት እላፊ አውጀው ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር ያደሉት፣ ሰዉ እምቢ ሲል ትተውለት ሄዱ፣ እሱም አውጥቶ መንገድ ላይ ጣለው። በዛው ሰሞን ደግሞ ለነዛው ወታደሮች በር ላይ ሻይና ኩኪስ ያወጡላቸው ቤቶች ነበሩ፣ ከሰዓት እላፊው ወጥተው ቆመው ያዋሯቸውም ነበሩ።

መታወቂያውን ጥሎ ሻይ ማቅረብ። እኔ ስለ ድሩዝ እምነት ማንበብ የጀመርኩት ይሄን ሁለት ነገር አንድ ላይ ማስታረቅ አቅቶኝ ነው፣ እና ከዛ ወዲህ በደንብ ሳየው ጉዳዩ ከመታወቂያ በላይ ነው። አንድ ማህበረሰብ ፖሊስ የለው፣ እስር ቤት የለው፣ ግን አባሉን የሚቀጣበት መንገድ አለው፣ እና ያ መንገድ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ምን ያህልም እንደሚያሳምም ከዚህ ጉዳይ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ቦታውን። መጅደል ሸምስ እኛ በመጽሐፍ አርሞንኤም በምንለው ተራራ ስር ነች። ከሷ ጋር ቡቃዓታ፣ መስዓደ እና ዓይን ቂንያ አሉ፣ አራቱም የድሩዝ ናቸው፣ ፖምና ቼሪ ነው የሚያበቅሉት። በ1967 ጦርነት እስራኤል ጎላንን ስትይዝ የአካባቢው የሶርያ ህዝብ አብዛኛው ከቦታው ወጣ፣ የቀረው በአብዛኛው የነዚ አራት መንደሮች ድሩዝ ነው። በአንድ ሌሊት ወንድም ከወንድሙ ተለየ፣ አንዱ ሶርያ ውስጥ ደማስቆ ወይ ሱወይዳ ቀረ አንዱ እዚህ። ከዛ በኋላ ለብዙ አመት መጅደል ሸምስ ጠርዝ ላይ ያለ ኮረብታ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ከሸለቆው ማዶ ካለው ዘመድ ጋር ይጮኹ ነበር፣ እገሊት ወለደች፣ አባባ አረፉ፣ ልጁ ተመረቀ፣ ሁሉ በጩኸት። የሚያገባ ካለ ሙሽራዋ በቀይ መስቀል በኩል ድንበሩ ላይ ባለችው ቁነይጥራ ትሻገራለች፣ ከተሻገረች ደግሞ መመለስ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ሰርግም ለቅሶም አንድ ላይ ነው።

አሁን ወደ እምነቱ። ድሩዞች ራሳቸውን ሙወሒዱን ነው የሚሉት፣ አንድ አምላክን የሚሉ እንደማለት። እምነታቸው በ1017 ካይሮ ውስጥ ያኔ ግብፅን ይገዛ በነበረው በፋጢማው ኸሊፋ በአል-ሐኪም ዘመን የተጀመረ ነው፣ ከ1043 ጀምሮ ደግሞ በሩ ዝግ ነው፣ አዲስ ሰው አይቀበሉም። ነቢዩ ሹዓይብ ብለው በጣም የሚያከብሩት እኛ ዮቶር የምንለው የምድያም ካህን፣ የሙሴ አማት ነው፣ በየአመቱ ኤፕሪል 25 አካባቢ ጥብርያዶስ አጠገብ ሒጢን ወዳለው መቃብሩ ይሰበሰባሉ። ሰዉ በሁለት ይከፈላል፣ ዑቃል እና ጁሃል፣ የሚያውቁና የማያውቁ ማለት ነው፣ ዑቃሎቹ (ሴትም ወንድም መሆን ይችላሉ) ቅዱሱን መጽሐፍ የሚያነቡት፣ መጠጥና ሲጋራ የማይቀምሱት ናቸው። ሐሙስ ማታ ኸልዋ በሚባል ጌጥ በሌለው ቤት ይሰበሰባሉ።

የምግባራቸው መሰረት ሰባት ግዴታ ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፦ ሲድቅ አል-ሊሳን፣ የአንደበት እውነት፣ እና ሒፍዝ አል-ኢኽዋን፣ ወንድምን መጠበቅ። እዚጋ ልብ በሉ፣ ከአምላክ አንድነት ሁሉ በፊት የተቀመጡት እነዚ ናቸው፣ ማለትም ሰው ለሰው ያለበት ነገር ቀድሞ ተቆጥሯል። ወንድምን መጠበቅ የሚባለው ደግሞ የልብ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ ሲታመም መጠየቅ፣ ሲያገባ መገኘት፣ ሲሞት መቅበር፣ ሲቸገር ኪስ መግባት፣ ሲጠቃ ከጎኑ መቆም ነው። ይሄ እንግዲህ የሚሰጥ ነገር ነው፣ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ሊነፈግ ይችላል፣ ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚጋ ነው።

ማርች 1981 ላይ የጎላን ድሩዞች ተሰብስበው አንድ ሰነድ አወጡ፣ አል-ወሲቃ አል-ወጠኒያ ይሉታል፣ ብሄራዊ ሰነድ። ያኔ ገና የእስራኤል ህግ ጎላን ላይ ይሰራል የሚለው የጎላን ህግ አልወጣም፣ ግን እስራኤል ለፈለገ ዜግነት መስጠት ጀምራ ነበር፣ ጥቂት ሰውም ተቀብሏል። ሰነዱ የሚለው ባጭሩ እኛ ሶርያውያን ነን፣ መሬታችንም የሶርያ ነው፣ ከኛ ውስጥ የእስራኤልን ዜግነት የተቀበለ ከማህበረሰቡ ወጥቷል፣ አብረነው አንሰራም፣ ደስታውንም ሀዘኑንም አንካፈልም፣ አንጋባም፣ ጥፋቱን አምኖ ንስሃ ገብቶ ህዝቡን ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ።

ይሄን ሰነድ ደጋግሜ ሳየው የገረሙኝ ነገሮች አሉ። አንደኛ ቅጣቱ ከጥፋቱ በፊት ነው የተነገረው፣ በአደባባይ፣ ማንም አላወኩም እንዳይል፣ ይሄ ለኔ የአንደበት እውነት ከሚሉት ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ በሹክሹክታ ሰው አልገደሉም። ሌላው ደግሞ የሚነካው የሰውየውን አካል ወይ ንብረት አይደለም። ቤቱን አቃጥሉ፣ ልጁን ምቱ አይልም። እኛ ያለንን ነገር ከሱ እንሰበስባለን ነው የሚለው፣ ሰላምታችንን፣ ቡናችንን፣ ትከሻችንን። ከሁሉ በላይ ግን እስኪመለስ ድረስ የምትለዋ ቃል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ግን በተቀጣው ሰውዬ እጅ ነው ያለው።

እኛ ውግዘት ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነም እናውቃለን፣ ስለዚህ ብዙ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ግን ድሩዝ ላይ አንድ የሚጨምር ነገር አለ። ወደ እምነቱ የሚገባ የለም፣ ከውጪ ማግባትም ከማህበረሰቡ መውጣት ነው፣ ስለዚህ የተገለለ ሰው ሌላ ሰፈር ሄጄ ሌላ ማህበር እገባለሁ የሚለው ነገር የለውም። ዑቃሎቹ ደግሞ የገንዘብ ንፅህና ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው፣ ከየት እንደመጣ ከሚጠራጠሩት ገንዘብ የተገዛ ነገር አይቀምሱም፣ ስለዚ ሼኹ ቤትህ ገብቶ ቡናህን አልጠጣም ማለት መንደሩ ሁሉ ያያል ማለት ነው።

ከዛ ዲሴምበር 14 ቀን 1981 የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት የጎላንን ህግ በ63 ለ21 ድምፅ አፀደቀ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ነው ያለቀው፣ የእስራኤል ህግ፣ ፍርድና አስተዳደር ጎላን ላይ ይሰራል አለ። ከሶስት ቀን በኋላ የተመድ የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 497 ህጉ ዋጋ የለውም ቢልም መሬት ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። መንደሮቹ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለመኑ፣ መልስ ሲያጡ ፌብሯሪ 14 ቀን 1982 አጠቃላይ አድማ መቱ። ያኔ አራቱ መንደሮች ላይ ወደ 13,000 ሰው ነበር። ወንዱ በአብዛኛው የሚሰራው ከመንደሩ ውጪ ነበር፣ ግንባታ፣ ፋብሪካ፣ እርሻ፣ ሁሉም ቆመ። ሱቅ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መሪዎች ያለ ክስ ታሰሩ፣ ሰራዊቱ መንደሮቹን ዘጋ፣ ከወር በላይ ሰው መግባትም መውጣትም አቃተው፣ ምግብ እያለቀ መጣ።

ሰዎች ስለ አድማ ሲያወሩ እምቢ ማለቱን ነው የሚያወሩት፣ እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ነው። ስራ የፈታው ሰው ቁጭ አላለም። መጅደል ሸምስ ላይ ለራሳቸው የፍሳሽ ማስወገጃ መስመር መቆፈር ጀመሩ፣ ያለ ኮንትራክተር፣ ያለ ደሞዝ፣ ያለው ገንዘብ አዋጣ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። ያለው ከሌለው ጋር ተካፈለ፣ ገሊላ ያሉ ድሩዞችም እርዳታ ይዘው መጡ። ወንድምን መጠበቅ ማለት እዚጋ ቦይ መቆፈር ነበር።

ስለ ገሊላና ስለ ቀርሜሎስ ድሩዞች ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እስራኤል ያለነው ብዙዎቻችን የምናውቀው እነሱን ነው፣ የኛ ልጆች ሰራዊት ውስጥ አብረዋቸው አገልግለዋል፣ እና ለምንድነው እነዚ አገልግለው እነዛ መታወቂያ የሚጥሉት የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የገሊላዎቹ ወንዶች ከ1956 ጀምሮ የግዴታ ወታደሮች ናቸው፣ በሚኖሩበት ሀገር ታማኝ ሆኖ መኖር በድሩዝ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ግን ያው ልማድ ጎላን ላይ ሲመጣ ሀገርህ የቱ ነው የሚል ጥያቄ ሆነ። የጎላኑ ሰው ወንድሙ፣ እናቱ፣ ዩኒቨርሲቲ የላከው ልጁ ደማስቆ ነው፣ ነገ መሬቱ ለሶርያ ቢመለስ ከዳተኛ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ሳይሆን ማዶ ያለው ዘመዱም ነው። ስለዚህ አንድ እምነት፣ አንድ ግዴታ፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ። አንዱን ጀግና ሌላውን ከሃዲ ማለት ለኔ አይዋጥልኝም፣ ሁለቱም ወንድሜን እንዴት ልጠብቅ ነው የጠየቁት፣ ወንድማቸው ያለበት ቦታ ነው የተለያየው።

አሁን ወደ ተገለሉት ሰዎች ልምጣ። መታወቂያውን የያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አንዳንዱ ለስራ ነው የወሰደው፣ አንዳንዱ ለመንጃ ፈቃድ ወይ ለመንቀሳቀስ፣ ከልቡ ያመነበትም ይኖራል። መንደሩ ውስጥ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። ሰርጋቸው ላይ ወንበሩ ባዶ፣ ለቅሷቸው ላይ የሚቆም የለም። ከነሱ ውስጥ መታወቂያውን መልሰው መጥተው ሼኾቹ ፊት ይቅርታ የጠየቁ ነበሩ፣ ተቀባይነትም አገኙ፣ በሩ የውሸት በር እንዳልነበረ ይሄ ያሳያል። ያልተመለሱም ነበሩ፣ እነሱ ለአመታት እዛው መንደር ውስጥ፣ ከዛው ሱቅና ከዛው መንገድ ጋር፣ እንደሌሉ ሆነው ኖሩ።

እዚጋ ከሼኾቹ ጋር አልስማማም፣ በግልፅ ልናገር። አዋቂ ሰው እያወቀ የወሰነው ውሳኔ ላይ መንደሩ ፊቱን ቢያዞር ይገባኛል፣ ሰነዱ ቀድሞ ነግሮታል። ግን አባት ሲገለል ልጅቷን ማን ያገባታል? እናት ስትሞት ከማንም ጋር ያልተጣላች ሴት ለምን ጥቂት ሰው ብቻ ይቆምባታል? መገለል ዱላ የለውም ስንል ህመም የለውም ማለታችን አይደለም፣ ህመሙ ደግሞ አጥፊው ላይ ብቻ አይቆምም። ድሩዝ ነፍስ ወዲያው ሌላ አካል ውስጥ ትወለዳለች ብሎ ስለሚያምን ለሬሳው ያን ያህል አይጨነቅም ይባላል፣ ለቅሶ ግን ለሞተው አይደለም፣ ለቀረው ነው፣ የቀረችው ልጅ ደግሞ ምንም አልፈረመችም።

ይሄን እያልኩም ግን ሌላውን ጎን ማየት አለብኝ። 13,000 ሰው ጦር መሳሪያ ሳያነሳ፣ ከወር በላይ ተዘግቶበት፣ በአምስት ወር አድማ ውስጥ ሳይሰነጠቅ የቆየው በምንድነው? በመሪዎቹ ንግግር አይደለም፣ ታስረው ነበር። ያቆመው እያንዳንዱ ሰው እኔ ብከዳ ነገ እናቴን ማን ይቀብርልኛል የሚለውን ስለሚያውቅ ነው፣ እኔ ብፀና ደግሞ ልጄ አይራብም የሚለውንም ስለሚያውቅ። ሁለቱ አይነጣጠሉም። የማይመግብ ማህበረሰብ ቢያገልህ ምን ያጎድልብሃል? መገለሉ ስለት ያገኘው ቦዩን አብረው ስለቆፈሩ ነው።

አድማው ጁላይ 1982 ላይ ቆመ፣ ጁን ላይ የሊባኖስ ጦርነት ተጀምሮ የሁሉም ሀሳብ ወደዛ ሄዶ ነበር። ህጉ አልተሰረዘም፣ ዛሬም አለ። ግን ዜግነት በግድ አልተጫነባቸውም፣ ልጆቻቸውም በግዴታ ለሰራዊት አልተጠሩም። ቋሚ ነዋሪ የሚል ወረቀት ተሰጣቸው፣ ለጉዞ የሚይዙት ሰነድ ላይ ዜግነት በሚለው ቦታ ያልተወሰነ ተብሎ ይጻፋል። ያልተወሰነ። አንድ ትውልድ ሙሉ ይሄን ቃል ይዞ ኤርፖርት ላይ ቆሟል። ፌብሯሪ 14ን ግን በየአመቱ ያስቡታል።

ከዛ ወዲህ ጉዳዩ እንዴት ሆነ ለሚል፣ ቀስ በቀስ ላላ። ከ2005 ጀምሮ ፖማቸው በቀይ መስቀል በኩል ወደ ሶርያ ይሸጥ ነበር፣ ልጆች ደማስቆ ይማሩ ነበር፣ በ2011 የሶርያ ጦርነት ሲጀመር ያ ሁሉ እየተቋረጠ መጣ። እመለስበታለሁ የተባለው ሀገር ራሱ መቃጠል ጀመረ። ዜግነት የሚጠይቀው ሰው ከአመት አመት ጨመረ፣ ወጣቱ በተለይ፣ እና እያንዳንዱን ማግለል አልተቻለም፣ አንድ ሰው ሲሆን መንደሩ ያገለዋል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ሲሆን ግን መንደሩ ራሱን ነው የሚያገለው።

ኦክቶበር 2018 ላይ ግን የድሮው ነገር አንዴ ብልጭ አለ። የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ መንደሮቹ ላይ የአካባቢ ምርጫ ተጠራ፣ እስከዛ ድረስ ኃላፊዎቹን የሚሾመው መንግስት ነበር። ለመሪነት ለመወዳደር ግን የእስራኤል ዜጋ መሆን ግድ ስለነበር ብዙሃኑ ለዛ ቦታ ከጅምሩ ውጪ ነው። ሼኾቹ የተወዳደረም የመረጠም ሒርም ነው አሉ፣ የተወገዘ። ቡቃዓታና መስዓደ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸውን አግልለው ምርጫው ቀረ፣ መጅደል ሸምስ ላይ ደግሞ ድምፅ የሰጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ነው፣ ምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሼኾችና ወጣቶች ቆመው ነበር፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። እኔ ይሄንን ከ1982 ጋር አንድ አላደርገውም። 1981 ላይ ሰነዱ የብዙሃኑን ፈቃድ ይዞ ነው የወጣው፣ 2018 ላይ ግን ቆሻሻ የሚያነሳልኝንና መንገድ የሚሰራልኝን ሰው ልምረጥ ያለ ወጣት ነበር፣ ቢያንስ ቁጭ ብሎ መሰማት ነበረበት። ወንድምን መጠበቅ ወንድምን መስማትንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፣ እንኳን እኔ ከውጪ ሆኜ እነሱ ውስጥ ያሉ ልጆችም ይሄንኑ ሲሉ ነበር።

ጁላይ 27 ቀን 2024 መጅደል ሸምስ ላይ ኳስ ሜዳ ላይ ሮኬት ወድቆ 12 ህፃናትና ታዳጊዎች ሞቱ። በማግስቱ ቀብሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፣ ከገሊላም ከቀርሜሎስም፣ ያገለገለውም ያላገለገለውም፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው የልጆቹን ፎቶ አቅፈው። ሊያፅናኑ የመጡ ሚኒስትሮች ላይ የጮኸ ሰው ነበር። አንድ ሰው ዜጋ ነው አይደለም የሚለው ነገር ያን ቀን ትከሻ ለመስጠት የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

ከአንድ አመት በኋላ ጁላይ 2025 ሶርያ ውስጥ ሱወይዳ ላይ ድሩዞች ሲገደሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመጅደል ሸምስ በኩል አጥሩን ጥሰው ወደ ሶርያ ገቡ፣ ሰራዊቱ ተመለሱ ብሎ እየለመናቸው፣ ወንድሞቻችንን ብለው። ከማዶም ወደዚህ የተሻገሩ ነበሩ። አጥሩ ስር አስርት አመታት ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቪዲዮ አይቻለሁ፣ እድሜ ልካቸውን ከኮረብታው ላይ በድምፅ ማጉያ ሲጮኹ ከኖሩት ቤተሰቦች አንዳንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ አወራ።